የቤንዚን ሞተር በላስታ ደጋ

የቤንዚን ሞተር ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ በተዘጋ ሲሊንደር ውስጥ በብልጭታ ያቃጥላል፤ ከቃጠሎው የሚወጣውንም ግፊት ወደ ዙረት ይለውጣል። ስሙን ያገኘው ከቤንዚኑ ቢሆንም፣ በሚዛን ቢታይ ከሚበላው አብዛኛው አየር ነው፤ አንድ ኪሎ ቤንዚን በወጉ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። በባሕር ዳርቻ ለሚሠራ መኪና ይህ አያሳስብም፤ ላስታ ላይ ግን ያሳስባል። የላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በስተሰሜን ምሥራቋ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ 2,600 ሜትርን ያልፋል፤ ሁለቱንም ቁልቁል የሚያያቸው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። በላሊበላ ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው በባሕር ወለል ላይ ካለው 78 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ሞተር ወደ ላስታ የገባበት ታሪክ እንደ ልማዱ የመንገድ ታሪክ ተደርጎ ይተረካል። መንገዱ ብዙ ነገር ያስረዳል፤ የትኛው ሞተር ቀድሞ እንደ ገባ፣ የትኛው እንደ ቀረና የትኛው ዘግይቶ እንደ ተመለሰ ለመረዳት ግን አየሩንም መቁጠር ያስፈልጋል።

ከሞተር በፊት ላስታ የእግረኛና የበቅሎ አገር ነበረ። የዛጉዌው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ በስሙ የሚጠራውን ቤተ ክርስቲያን በ12ኛው መቶ ዘመን ያሠራው ከዓለት በመፈልፈል ሳይሆን፣ በሰፊ ዋሻ ውስጥ የእንጨት ወራጅንና በነጭ የተለሰነ ድንጋይን ተራ በተራ በመደርደር፣ በአክሱም ሥርዓት ነው። ወራጁም ድንጋዩም ወደ ዋሻው የወጣው በሰው ትከሻና በእንስሳ ጀርባ ነው። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. በአገሩ የተዘዋወረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናትና የይምርሐነ ክርስቶስን ዋሻ አይቶ የጻፈው እንደ ማንኛውም የዘመኑ መንገደኛ በበቅሎ እየተጓዘ ነበር። ከእርሱ በኋላ አራት መቶ ዓመት ሙሉ የጉዞው ዓይነት አልተለወጠም፤ ከላሊበላ ይምርሐነ ክርስቶስ ለመድረስ ግማሽ ቀን ገደማ ይፈጅ ነበር። በደጋ የኖረ እንስሳ ደሙ ከስሱ አየር ጋር ይለማመዳል፤ በቅሎዋ ዳገቱን የምትወጣው ለዚያ በተሰናዳ ሳንባና ደም ነው። ሞተር እንዲህ ያለ ልምምድ የለውም። ለባሕር ዳርቻ የተሠራውን ሆዱን ይዞ ነው ተራራ የሚወጣው።

ይህ ማሽን ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ ያገኘው በጀርመን ነው። ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 እ.ኤ.አ. ባለ አራት ምት ሞተር ሠራ፤ የእርሱ ሞተር ግን በጋዝ የሚሠራ፣ ከባድና ከቦታው የማይንቀሳቀስ ነበር። ካርል ቤንዝ በቤንዚን የሚነዳ ባለ ሦስት ጎማ መኪናውን በጥር 1886 እ.ኤ.አ. አስመዘገበ፤ አዲስ አበባ በዚያው ዓመት ከመቆርቆሯ ቀደም ብሎ ማለት ነው። ቪልሄልም ማይባክ በ1893 እ.ኤ.አ. ቤንዚኑን በቀጭን ቀዳዳ የሚረጭ ካርቡራተር ሠራ። የሮበርት ቦሽ ድርጅት ደግሞ በ1902 እ.ኤ.አ. ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጭ ማግኔቶና ካንዴላ አወጣ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ማሻሻያ ብዙ ቢሆንም መሠረቱ እነዚሁ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ፒስተን ይመላለሳል፤ ፒስተኑ በቢዬላ ከኮሎው ጋር ተያይዟል፤ ኮሎው ላይ ታች የሚለውን እንቅስቃሴ ወደ ዙር ይለውጠዋል። በመጀመሪያው ምት ፒስተኑ ሲወርድ የማስገቢያው ቫልቭ ይከፈትና የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ይገባል። በሁለተኛው ምት ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ፒስተኑ እየወጣ ድብልቁን ከስምንት እስከ ዐሥር እጥፍ ያህል ያምቀዋል። ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ካንዴላው ብልጭ ይላል፤ ድብልቁ ተቃጥሎ ሙቀቱ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ የተስፋፋውም ጋዝ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። ሥራ የሚሠራው በዚህ ሦስተኛ ምት ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሦስቱ የእርሱ አገልጋዮች ናቸው። በአራተኛው ምት ፒስተኑ ተመልሶ ሲወጣ የተቃጠለው ጋዝ በማስወጫው ቫልቭ በኩል ወደ ማርሚታው ይሄዳል። አራቱ ምቶች ሲፈጸሙ ኮሎው ሁለት ጊዜ ዞሯል፤ በደቂቃ 3,000 ዙር የሚዞር ሞተር ውስጥ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 25 ጊዜ ይተኩሳል።

ስለ መጀመሪያው ምት ሞተሩ አየር ይስባል ይባላል። በትክክል ለመናገር ፒስተኑ የሚሠራው ባዶ ቦታ ነው፤ ወደዚያ ባዶ ቦታ አየሩን የሚገፋው በውጭ ያለው የከባቢ አየር ግፊት ነው። ይህ ግፊት በባሕር ወለል ላይ 1,013 ሚሊባር ሲሆን ላሊበላ ላይ 750 ገደማ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት አንድ ሆኖ ሳለ የሚገባው አየር ግን ያነሰ ነው። አየሩ ካነሰ የሚቃጠለው ቤንዚንም ማነስ አለበት፤ ቤንዚኑ ካነሰ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ፋብሪካው 100 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ላሊበላ ሲደርስ 78 ያህል ይሆናል። በ4,000 ሜትር ላይ ደግሞ 67 ገደማ ብቻ ይቀረዋል። ባለቤቱ ያልከፈለበት ነገር የለም፤ ከተማው ነው የሚቀንሰው።

ወደ ኢትዮጵያ አስቀድሞ የገባው ሌላ ዓይነት ሞተር ነበር። በ1890ዎቹ ዓ.ም. አርመናዊው ሠርኪስ ቴርዚያን ለዳግማዊ ምኒልክ ያስመጣውና ሕዝቡ «የሠርኪስ ባቡር» ብሎ የሰየመው ማሽን የእንፋሎት ሞተር ነው፤ እሳቱ የሚነደው ከሲሊንደሩ ውጭ በምድጃ ውስጥ ነበር። የቤንዚን መኪና የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ በሲድሊ መኪና ከጠረፉ ተነሥቶ በታኅሣሥ 1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ በሌላ መኪና ደረሰ። አዲስ አበባ ራሷ ከላሊበላ ብዙም የማታንስ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ እነዚህ መኪኖች የመጨረሻውን ዳገት የወጡት ከጉልበታቸው አምስተኛውን አጥተው ነው። ቤንዚኑ ደግሞ ከጂቡቲ የሚመጣው በጣሳ ነበር፤ የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ቀሪውን መንገድ በእንስሳ ተጭኖ ይደርስ ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሣይ ሠራሹ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። የዚህ ሁሉ ወሬ ላስታ ሳይደርስ አልቀረም፤ ማሽኑ ግን አልደረሰም።

በ1928 ዓ.ም. በኢጣልያ ወረራ ጊዜ የሆነው ነገር የዘመኑን መልክ በደንብ ያሳያል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር ወር ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የዘመቱት በመኪና ነበር፤ እስከ ደሴ የሚያስኬድ መንገድ ነበረና። ከደሴ ወደ ሰሜን የሚቀጥለው ግን የበቅሎ መንገድ ነው። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ጦሩ ከተሸነፈ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሲያፈገፍጉ ከመንገዳቸው ወጥተው ላሊበላ ሄዱ፤ ሠራዊቱ እየተበተነ፣ የጠላት አውሮፕላን ሰማዩን በያዘበት ሰዓት፣ መኪና በማይደርስበት ተራራ ገብተው ለጸሎት ቆዩ። ብዙዎች ይህን ጉዞ ለአደጋ መጋለጥ አድርገው ጽፈውታል። ከሞተር አንጻር ሲታይ ግን ላሊበላ በዚያ ወር ለባለ ሞተሩ ጦር ሩቅ ከሆኑት ሥፍራዎች አንዷ ነበረች። ኢጣልያኖች ሚያዝያ 7 ቀን ደሴን ያዙ፤ ከዚያም ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፈው ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሡ ጣርማ በር ላይ በፈረሰ መንገድና በዝናብ ተይዘው ቆሙ፤ መኪኖቹን ያሻገራቸው የሰው ጉልበት ነው። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።

በአምስቱ ዓመት ኢጣልያ የሠራችው የአስመራ - አዲስ አበባ መንገድ በአላማጣ፣ በቆቦ፣ በወልድያና በደሴ አልፎ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ጣርማ በር ላይ ተራራውን በዋሻ በስቶ ይሄዳል። ላስታን ግን በምሥራቅ በኩል ጎኑን ነክቶት አልፏል። ከወልድያ ወደ ምዕራብ የሚወጣው ግድግዳ የመሰለ ዳገት ለጊዜው የሚደፍረው አልተገኘም። መንገዱን ያመላለሱት ታላላቆቹ የጭነት መኪኖች፣ ከ«ትሬንታ ኳትሮ» ጀምሮ እስከ ኋለኛው «ኤንትሬ» ድረስ፣ በናፍታ የሚሠሩ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ግን በየከተማው ጋራዥ የተከፈተላቸው ትናንሾቹ መኪኖች በአብዛኛው የቤንዚን ናቸው፤ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ቢዬላ፣ ፍሪሲዮን እያለ ሙያውን የተማረው የደሴና የወልድያ መካኒክም ያደገው በእነርሱ ላይ ነው።

ላሊበላ የቤንዚን ሞተር በመደበኛነት ያገኘችው ከመንገድ ሳይሆን ከሰማይ ነው፤ ይህ ከታሪኩ ሁሉ የሚያስገርመው ክፍል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ የነበሩት አውሮፕላኖች ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47 ወይም በተለመደው ስማቸው ዲሲ-3 ናቸው። እነዚህ አውሮፕላኖች ሣር ላይም አፈር ላይም ያርፋሉ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. ወደ አክሱም፣ ጎንደርና ላሊበላ ጎብኚ ማመላለስ ሲጀመር ሥራው በእነርሱ ላይ ወደቀ። የላሊበላ ማረፊያ ከከተማው ዝቅ ብሎ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሹምሸሃ ሜዳ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ስለማያሳርፍ አገልግሎቱ የበጋ ብቻ ሆነ።

የዲሲ-3 ሞተር ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። በእያንዳንዱ ክንፍ ላይ ያለው ፕራት ኤንድ ዊትኒ ትዊን ዋስፕ በሁለት ረድፍ እንደ ኮከብ የተደረደሩ 14 ሲሊንደሮች አሉት፤ ጠቅላላ ስፋቱ 30 ሊትር ነው። አንዱ ሲሊንደር ብቻ ከሁለት ሊትር በላይ ስለሚይዝ፣ የአንድ ቤት መኪና ሙሉ ሞተር ያህላል። የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በነፋስ ነው። አሠራሩ ከላይ የተባለው ያው አራት ምት ሆኖ፣ ለስሱ አየር ግን መላ አለው፤ ከሞተሩ ጀርባ በኮሎው ጥርስ እየተነዳ እጅግ በፍጥነት የሚሽከረከር መንፊያ ድብልቁን አምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይልከዋል። የከባቢው ግፊት ያልገፋውን መንፊያው ይገፋል። በዚህም ምክንያት ሞተሩ ለመነሻ 1,200 ፈረስ ጉልበት ሲሰጥ፣ እስከ 2,300 ሜትር ከፍታ ድረስ ደግሞ ከ1,000 በላይ ይዞ መቆየት ይችላል። ለዚህ ዋጋ ይከፈላል፤ መንፊያው ራሱ ጉልበት ይበላል፣ ድብልቁንም ያሞቀዋል፤ የጋለና የታመቀ ድብልቅ ደግሞ ካንዴላው ሳይደርስበት በራሱ ሊፈነዳ ስለሚችል 100 ኦክቴን የሆነ የአውሮፕላን ቤንዚን ይፈልጋል። ሞተሩ እንዲህ ተረዳ እንጂ ክንፉና ውልብልቢቱን የሚረዳቸው አልነበረም። እነርሱም የሚይዙት አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት የሚሮጠው ርቀት ይረዝማል፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል። በደጋ ማረፊያዎች ማለዳ መብረር የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በአውሮፕላኑ ከመጡት መካከል ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጣልያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ መሪነት አብያተ ክርስቲያናቱን ያደሱት ባለሙያዎች ይገኙበታል። ሰባት ወይራ ሆቴል የተከፈተው በዚሁ ዘመን ነው። በ1970 ዓ.ም. ላሊበላ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዷ ሆነች። ዓለም ያወቃት በቤንዚን ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

በምድር ላይ ከማረፊያው እስከ ከተማው፣ ከወልድያም በኩልመስክ በኩል በሚያስኬደው ጥርጊያ መንገድ፣ ሥራውን የያዘው ላንድሮቨር ነበር። የዚያ ዘመን ላንድሮቨር ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተሩ 2.25 ሊትር ሆኖ 70 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፤ ላስታ ላይ 55 ያህል ቀረለት ማለት ነው። መንፊያ የለውም፤ ያለው ካርቡራተር ነው። ካርቡራተር አየሩን በጠባብ ጉሮሮ ያሳልፈዋል፤ አየሩ ሲጠብበት ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፣ የቀነሰውም ግፊት ቤንዚኑን በቀጭን ቀዳዳ ስቦ ያወጣዋል። ጥሩ ብልሃት ነው፤ ግን ካርቡራተር የሚለካው የአየሩን ፍጥነት እንጂ ክብደቱን አይደለም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ በላሊበላ ከፍታ ድብልቁ ከሚገባው በላይ ከ10 በመቶ ያላነሰ ቤንዚን ይበዛበታል። ምልክቱን ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል፤ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ካንዴላው ተፈቶ ሲታይ ጥላሸት ለብሷል፣ መኪናው ያለወትሮው ይጠጣል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ያንቀዋል። ጎበዝ መካኒክ መፍትሔው በእጁ ነበር፤ ቀዳዳውን ጠበብ ባለ ይለውጣል፣ ወይም የድብልቁን ብሎን ያጠብቃል። ስስ ድብልቅ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ብልጭታውንም ጥቂት ያስቀድመዋል። ያው መኪና ወደ ቆቦ ሜዳ ሲወርድ ደግሞ የተጠበበው ቀዳዳ ቤንዚን ያሳጥረዋል፣ የቀደመውም ብልጭታ ሞተሩን ያንኳኳዋል። ደጋና ቆላ በአንድ ቀን የሚመላለስ ሾፌር ከሁለቱ አንዱን መታገስ ነበረበት፤ አብዛኛው የመረጠው ጥቁሩን ጭስ ነው፤ ከመጠን በላይ ቤንዚን ኪስ ይጎዳል እንጂ ፒስተን አያቃጥልም።

ሌላው የደጋ ችግር ትነት ነው። ቤንዚን የብዙ ፈሳሾች ቅልቅል ነው፤ ቀላሎቹ ገና ለብ ሲሉ ይተናሉ፤ የከባቢው ግፊት ሲቀንስ ደግሞ ከዚያም ቀድመው። መኪናው ረጅም ዳገት በአንደኛ ማርሽ ወጥቶ ሲግል፣ በፓምፑና በቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ፈሳሽ ለመግፋት የተሠራው ፓምፕ እንፋሎቱን እያመቀ ይውላል፤ ሞተሩም ሰልባታዮው ቤንዚን ሞልቶ ሳለ ጠጥቶ እንደ ጨረሰ ሁሉ ይጠፋል። መድኃኒቱ እርጥብ ጨርቅ በፓምፑ ላይ መጠቅለልና መታገስ ነበር። ውኃም እንዲሁ ላሊበላ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ ሞተሩ ሳይግል ውኃው አስቀድሞ ይገነፍላል። ሾፌሮች በየወንዙ የሚቆሙት፣ ጀሪካን የማይለያቸውም ለዚህ ነው። ከፍታው አንድ ውለታ ብቻ ይውላል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ትንሽ ስለሆነ ሞተሩ በባሕር ዳርቻ የማይችለውን ዝቅተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ሳያንኳኳ ይሠራበታል።

በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓ.ም. ቻይናውያን ከወልድያ በጋሸናና በደብረ ታቦር በኩል እስከ ወረታ የሚደርሰውን መንገድ ሠሩ፤ ሕዝቡ ዛሬም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚገነጠለው መንገድ ሲከፈት አውቶቡስና የጭነት መኪና እስከ ከተማው መድረስ ቻለ፤ እነዚህ ሁሉ ግን የናፍታ ናቸው። የናፍታ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን ብቻ ያስገባና ከ16 እጥፍ በላይ ያምቀዋል፤ አየሩ በመታመቁ ብቻ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ናፍታው እዚያ ላይ ሲረጭ በራሱ ይነዳል። ዘወትር ከሚያስፈልገው የተረፈ አየር ስለሚይዝ የከፍታው ጉዳት ዘግይቶ ነው የሚሰማው፤ በኋላ ደግሞ በጭሱ ግፊት የሚሽከረከር ቱርቦ ሲገጠምለት ዲሲ-3 በመንፊያው ያገኘውን ጥቅም አገኘ። ይኸው የናፍታ ሞተር፣ አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው፣ በየገጠር ከተማው ወፍጮ ቤት ገብቶ ሴቶችን ከድንጋይ ወፍጮ አሳረፈ። ለላስታ ገበሬ ቤት የሞተር ትልቁ ውለታ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ነዳጁ በ1967 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረው የአሰብ ማጣሪያ በኮምቦልቻ በኩል ይመጣ ነበር፤ ማጣሪያው በ1997 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ ከኤርትራ ጋር በ1998 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው ጦርነት ወዲህ አብዛኛው በጂቡቲ ሆኗል።

ቤንዚን ከላሊበላ ሰማይም ወጣ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አየር መንገዱ ትዊን ኦተር፣ ቀጥሎም ኤቲአር 42 ሲያስገባ፣ ፒስተን በሌለው የተርባይን ሞተር የሚሠሩት አዲሶቹ አውሮፕላኖች የሚጠጡት ከላምባ የሚቀራረብ ነዳጅ ነው። ማረፊያው በኋላ አስፋልት ለብሶ ክረምትም በጋም ማገልገል ጀመረ።

የቤንዚን ሞተር ወደ ላስታ በብዛት የተመለሰው በትንሹ መልኩ ነው። ሕንድ ሠራሹ ባለ ሦስት እግር ባጃጅ አንድ ሲሊንደርና 200 ሲሲ ገደማ ስፋት ያለው ባለ አራት ምት ሞተር ይዟል፤ ጉልበቱ 10 ፈረስ ያህል ነው። ላሊበላ ላይ ስምንት አይሞላም። የላሊበላ መንገድ ደግሞ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ሦስት ሰው ጭኖ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ ባጃጅ ድምፅ ከተማው ውስጥ የታወቀ ነው። ያም ሆኖ በጥቂት ቤንዚን የሚሠራ፣ ለመግዛትና ለመጠገን የሚቀል ነገር በመሆኑ ብዙ ወጣት የዕለት እንጀራውን አግኝቶበታል። የአዲሶቹ የቤት መኪኖች ሞተር ደግሞ ካርቡራተሩን ትቷል፤ በማስገቢያው ላይ ያለ መለኪያ የሚገባውን አየር እየመዘነ ቤንዚኑን በልኩ ያስረጨዋል። የላስታ ሾፌር ከ10 በመቶው ብክነትና ከጥቁሩ ካንዴላ በዚህ ተገላግሏል፤ የጠፋው 22 በመቶ ጉልበት ግን አልተመለሰም፤ አየሩ ስለሌለ።

ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ዛሬ በመኪና ይኬዳል። በቢልባላ በኩል ወደ ሰቆጣ ከሚያልፈው መንገድ ተገንጥሎ የሚወጣው ጥርጊያ የበቅሎውን ግማሽ ቀን ወደ ጥቂት ሰዓት አሳጥሮታል። የመጨረሻው ክፍል ግን አሁንም በጽድ ደን ውስጥ በእግር የሚወጣ ዳገት ነው፤ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች የመጣ እንግዳ እዚያ ላይ ቆም እያለ ይተነፍሳል። ለልደት በዓል ላሊበላ የሚወርደው ምእመንም ብዙው በአውቶቡስና በአይሱዙ ይመጣል፤ ቀናትን በእግሩ የሚጓዘውም አልጠፋም።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይበላም፤ ጂቡቲ ላይ ያለው ጉልበት ላሊበላ ላይም፣ አቡነ ዮሴፍ ላይም ያው ነው። የሚያሳስበው ነገር ሌላ ነው፤ ባትሪውን የሚሞላ ጣቢያና የማይቋረጥ መብራት። የዳገቱ ሒሳብም አይቀርም። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከሹምሸሃ ማረፊያ ተነሥቶ 500 ሜትር ከፍታ ወደ ከተማው ሲወጣ፣ ለከፍታው ብቻ ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይከፍላል። ሲወርድ ሞተሩ ኃይል አመንጪ ሆኖ ከዚያ ውስጥ ጥቂት የማይባለውን ለባትሪው ይመልሳል፤ የቤንዚኑ መኪና ያንኑ ቁልቁለት ሲወርድ ኃይሉ የፍሬን ሸራ ማሞቂያ ሆኖ ይቀራል።